ከሙሉ ካሴት እስከ አንዲት ጠቅታ፦ ለሙዚቃ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ዙም አሠራር

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ አፍረን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን ድሬዳዋ ላይ ሲቋቋም፣ በኋላ አገር ያወቀው አሊ ቢራ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ አባሉ ነበር። ከዚያ ትውልድ ወዲህ በከተማዋ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ በሐረሪና በአማርኛ ከተዘፈነው ብዙው ከእጅ ወደ እጅ የዞረው በካሴት ነው። ካሴት ደግሞ ያረጃል። ክሩ ይላላል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ በመሐል ጠቅ ጠቅ ይላል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ያሉ ካሴቶችን ወደ ኮምፒውተር ገልብጦ ለመቁረጥና ለማጽዳት የሚያገለግል ፕሮግራም ልሥራ ብሎ ለተነሣ ሰው የተዘጋጀ ነው። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ወይም ሳቢያን አካባቢ በቤትዎ ተቀምጠው ለራስዎ የሚሠሩ። ስለ ሌላው የፕሮግራሙ ክፍል አናነሣም፤ የምናየው ዙሙን ብቻ ነው። ኤዲተሩ በቀን ውስጥ ከማጫወቻው ቁልፍ ቀጥሎ ደጋግሞ የሚነካው እሱ ስለሆነ ነው።

ጥሩ ዙም የሚታወቅበት ምልክት አንድ ነው፦ ተጠቃሚው ሲያቀርብም ሆነ ሲያርቅ «የት ነበርኩ?» ብሎ አይጠይቅም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ ለዚህ ነው የሚሠሩት።

እርምጃ 1፦ ሥራውን በቁጥር ያስቀምጡ

ኮድ ከመጻፍዎ በፊት ወረቀት ይያዙ። ባለ 90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ይይዛል፤ ይህም 2,700 ሰከንድ ነው። በተለመደው ጥራት ሲገለበጥ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፤ እያንዳንዱ ልኬት ሳምፕል ይባላል። ሲባዛ 119,070,000 ሳምፕል ይሆናል።

ይህን ሁሉ የሚያሳዩበት ስክሪን ስፋቱ ስንት ነው? ብዙ ሰው እጅ ላይ ያለው ላፕቶፕ 1,366 ፒክስል ስፋት አለው። ለትራኩ ስምና ለድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ በግራ በኩል 166 ፒክስል ቢወስዱ፣ ለድምፁ ሞገድ ሥዕል 1,200 ፒክስል ይቀርዎታል። ስለዚህ ሙሉው ገጽ በስክሪኑ ሲታይ አንዱ ፒክስል 99,225 ሳምፕል፣ ማለትም 2.25 ሰከንድ ተሸክሟል።

በሌላው ጫፍ አንዲት ጠቅታ አለች። አንድ ሚሊ ሰከንድ ብትረዝም 44 ሳምፕል ያህል ነው። እሷን ነጥሎ ለማስተካከል እያንዳንዱ ሳምፕል እንደ ነጥብ ተለይቶ መታየት አለበት፤ ለአንድ ሳምፕል 20 ፒክስል ቢሰጡ ለእጅ ይመቻል።

ከሩቁ እስከ ቅርቡ ያለው ልዩነት እንግዲህ ወደ 2 ሚሊዮን እጥፍ ይጠጋል። ዙም ለፎቶ ከሠሩ እዚያ የለመዱት አሠራር እዚህ የማይሠራው ከዚህ የተነሣ ነው፤ ፎቶ አሥር ወይም ሃያ እጥፍ ከጎላ ይበቃዋል።

እርምጃ 2፦ እይታውን በሁለት ቁጥር ይያዙ

ተጠቃሚው በማንኛውም ቅጽበት የሚያየውን ለመግለጽ ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ በአንድ ፒክስል ውስጥ ስንት ሳምፕል እንዳለ፣ እና የመስኮቱ ግራ ጠርዝ ከየትኛው ሳምፕል እንደሚጀምር። የቀኝ ጠርዙ፣ የሚታየው ጊዜ ርዝመት፣ የማሸብለያው ቦታ፣ ሁሉም ከእነዚህ ይሰላሉ። ሦስተኛ ቁጥር ለብቻው ካስቀመጡ ከሁለቱ ጋር የማይስማማበት ቀን ይመጣል።

ሁለቱንም ነጥብ ባለው ቁጥር ይያዙ። መነሻውን በየዙሙ ወደ ሙሉ ቁጥር ካጠጋጉት፣ ተጠቃሚው አሥር ጊዜ አቅርቦ አሥር ጊዜ ሲያርቅ ሞገዱ ከነበረበት ሸርተት ብሎ ይገኛል።

ለተጠቃሚው የሚያሳዩት ቁጥር ግን ሌላ ነው። «ዙም 350%» የሚል ጽሑፍ ለሙዚቀኛ ምንም አይነግረውም፤ የምን 350%? በምትኩ በመስኮቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚታይ ይጻፉለት፦ «45 ደቂቃ»፣ «12 ሰከንድ»፣ «30 ሚሊ ሰከንድ»። ይህ ዘፋኝም አቀናባሪም ወዲያው የሚረዳው ልክ ነው።

ወሰኑንም እዚሁ ይወስኑ። ሩቁ ወሰን ሙሉው ቅጂ በመስኮቱ ልክ ሲገባ ነው። ቅርቡ ወሰን አንድ ሳምፕል 20 ፒክስል ሲይዝ ነው። ወሰኑ ላይ ሲደረስ አዝራሩ ይደብዝዝ፤ አለበለዚያ ተጠቃሚው ፕሮግራሙ የተበላሸ መስሎት ደጋግሞ ይጫነዋል።

እርምጃ 3፦ ዙሙ በማባዛት ይሂድ

ጀማሪ የሚሠራው የመጀመሪያ ስላይደር አብዛኛውን ጊዜ በመደመር ይሄዳል፤ ስላይደሩ አንድ ፒክስል ሲንቀሳቀስ ከሳምፕሉ ቁጥር እኩል እኩል ይቀንሳል። 200 ፒክስል ርዝመት ላለው ስላይደር ይህን በእርምጃ 1 ቁጥር ይሞክሩት። እያንዳንዱ ፒክስል 496 ሳምፕል ያህል ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ከ99,225 ወደ 98,729 ሲወርድ ለዓይን ምንም ለውጥ የለም። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከ496 ወደ ዜሮ ጠርዝ ዘልሎ ይገባል፤ ጠቅታው፣ የባለ ክሩ መሣሪያ የኡድ ድምፅ አነሣሥ፣ የዘፋኙ የከንፈር ድምፅ፣ ኤዲተሩ የሚሠራበት ስፍራ ሁሉ በዚያች አንዲት ፒክስል ውስጥ ተጨናንቋል።

መፍትሔው ስላይደሩ በእኩል ርቀት እኩል ብዜት እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ከ99,225 እስከ 0.05 ለመድረስ ለሁለት መክፈል 21 ጊዜ ያህል ያስፈልጋል። 21ዱን ለ200 ፒክስል ሲያካፍሉ እያንዳንዱ ፒክስል እይታውን በ7.5% ገደማ ያቀርባል፤ ሩቅም ሆነ ቅርብ ላይ ሆኖ ስላይደሩ ለእጅ ያው ነው።

ለአዝራርና ለኪቦርድ በአንድ ጭነት ሁለት እጥፍ ይበቃል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ 21 ጭነት ነው። ለማውስ መሽከርከሪያ ሁለት እጥፍ ይዘልላል፤ በየጥርሱ 1.4 እጥፍ ገደማ ይስጡ፣ ጉዞው 42 ጥርስ ያህል ይሆናል። በ1.1 እጥፍ ከሠሩት ግን ከ150 በላይ ጥርስ ማሽከርከር ይጠይቃል፤ ጣት ይደክማል።

እርምጃ 4፦ የማይነቃነቀውን ነጥብ ይምረጡ

የዙም ጥራት ከሁሉ በላይ የሚታወቀው እዚህ ላይ ነው። ሲያቀርቡ አንድ ነጥብ ከስክሪኑ ላይ ካለበት ቦታ ንቅንቅ ማለት የለበትም። የትኛው ነጥብ?

በምሳሌ እንየው። መስኮቱ ከ10 ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ደቂቃ ያሳያል እንበል፤ አንድ ፒክስል 0.1 ሰከንድ ነው። ተጠቃሚው 11 ደቂቃ ከ30 ላይ ጠቅታ አየና የማውሱን ቀስት እዚያ ላይ፣ 900ኛው ፒክስል ላይ አሳርፎ ሁለት እጥፍ አቀረበ።

ፕሮግራሙ ግራ ጠርዙን ከያዘ መስኮቱ ከ10፡00 እስከ 11፡00 ያሳያል፤ ጠቅታው ጠፋ። መሐሉን ከያዘ ከ10፡30 እስከ 11፡30 ያሳያል፤ ጠቅታው ቀኝ ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሏል፣ አንዴ ደግሞ ሲያቀርቡ ይጠፋል። በቀስቱ ሥር ያለውን ነጥብ ከያዘ ግን ስሌቱ እንዲህ ነው፦ 11፡30 ማለት 690ኛው ሰከንድ ነው፤ አዲሱ ልክ በፒክስል 0.05 ሰከንድ ነው፤ 900 ሲባዛ በ0.05፣ 45 ሰከንድ። 690 ሲቀነስ 45፣ 645። አዲሱ መነሻ 10 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይሆናል፤ ጠቅታውም ከቀስቱ ሥር አልተነቃነቀም።

ቀመሩ አንድ መስመር ነው፦ አዲስ መነሻ እኩል ይሆናል የነጥቡ ጊዜ ሲቀነስ፣ የነጥቡ ፒክስል ሲባዛ በአዲሱ ልክ።

የትኛውን ነጥብ መያዝ እንዳለብዎት የሚወስነው ተጠቃሚው የተጠቀመበት መሣሪያ ነው፦

• በማውስ ወይም በታችፓድ ከሆነ በቀስቱ ሥር ያለውን።
• በስልክ ወይም በታብሌት በሁለት ጣት ከሆነ፣ እያንዳንዱ ጣት የነካው ጊዜ ከጣቱ ሥር እንዳይወጣ ያድርጉ።
• በኪቦርድ፣ በአዝራር ወይም በስላይደር ከሆነ፣ የተመረጠ ክፍል ካለ የምርጫውን መሐል፤ ከሌለ በስክሪኑ ላይ የሚታየውን የማጫወቻ መስመር፤ እሱም ከሌለ የመስኮቱን መሐል።

ሙዚቃው እየተጫወተ ዙም ሲደረግ ድምፁ እንዳይቆራረጥ ሥዕሉንና ድምፁን ለየብቻ ያስኪዱ። ብዙ ፕሮግራሞች እይታው የማጫወቻ መስመሩን ተከትሎ እንዲሄድ ያደርጋሉ፤ ተጠቃሚው በገዛ እጁ ዙም ካደረገ ግን ይህ መከተል ለጊዜው ይቁም። ሰውየው አንድ ቦታ አቅርቦ እያየ ሳለ ሥዕሉ ከፊቱ ጥሎት ከሄደ ጠቅላላ ሥራው ከንቱ ነው።

እርምጃ 5፦ ሞገዱን አስቀድመው ያጠቃልሉ

ሙሉውን ገጽ ለማሳየት በየጊዜው 119 ሚሊዮን ሳምፕል ካነበቡ የማውሱ መሽከርከሪያ ሲነካ ላፕቶፑ ይንቀራፈፋል። ስለዚህ ካሴቱ ሲገለበጥ አንድ ጊዜ አጠቃልለው ያስቀምጡ። ነፃውና ብዙ ሰው የሚያውቀው ኦዳሲቲ በሁለት ደረጃ ነው የሚያጠቃልለው፦ በየ256 ሳምፕሉና በየ65,536 ሳምፕሉ። ለእርስዎም ይበቃል።

ከእያንዳንዱ ቡድን ትንሹንና ትልቁን ዋጋ ይያዙ። አማካይ አይውሰዱ፦ የድምፅ ሞገድ ከዜሮ በላይና በታች ስለሚወዛወዝ ሲደመር ይጣፋል፤ ሞገዱ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል፣ ጠቅታዋም ትሰወራለች። ትንሹና ትልቁ ከተያዘ ግን ጮኽ ያለች ጠቅታ 45 ደቂቃው በአንድ ስክሪን ሲታይ ጭምር እንደ ቀጭን ሹል ብቅ ትላለች፤ ኤዲተሩ ወዴት መቅረብ እንዳለበት ያውቃል።

የ45 ደቂቃው ገጽ በ256 ሲጠቃለል 465,000 ያህል ጥንድ ይሆናል፤ በ16 ቢት ለአንድ ቻናል ከ2 ሜጋባይት አይበልጥም። በ65,536 ሲጠቃለል 1,800 ጥንድ ብቻ ነው። አሁን ሕጉን ይጻፉ፦ በፒክስል ከ65,536 በላይ ሳምፕል ካለ ሁለተኛውን ማጠቃለያ ያንብቡ፤ ከ256 እስከ 65,536 ባለው የመጀመሪያውን፤ ከዚያ በታች ዋናውን ድምፅ። በዚህ አሠራር በየትኛውም ርቀት 1,200 ፒክስል ለመሙላት ከ307,200 በላይ ሳምፕል ወይም ጥንድ አያነቡም፤ ያረጀ ላፕቶፕም ይችለዋል።

በጣም ሲቀርብ፣ ማለትም አንድ ሳምፕል አራት ፒክስል ያህል መያዝ ሲጀምር፣ ሥዕሉን ከተሞላ ሞገድ ወደ ነጥብና መስመር ይቀይሩት። ኤዲተሩ ሞገዱ ዜሮን የሚያቋርጥበትን ስፍራ በዓይኑ አይቶ እዚያ ላይ መቁረጥ ይችላል፤ በሌላ ቦታ ቢቆርጥ ራሱ አዲስ ጠቅታ ሊፈጥር ይችላል።

እርምጃ 6፦ የጊዜ ማስመሪያውና የምት መረቡ ከዙሙ ጋር ይለወጡ

ከሞገዱ በላይ ያለው የጊዜ ማስመሪያ ቁጥሮቹ እንዳይደራረቡ በሁለት ቁጥር መሐል ቢያንስ 80 ፒክስል ይተዉ። ከዚያ ከተዘጋጀ ዝርዝር ቀጣዩን ትልቅ ልክ ይምረጡ፦ 1፣ 2፣ 5፣ 10፣ 15፣ 30 ሰከንድ፣ 1፣ 2፣ 5፣ 10 ደቂቃ፤ ከሰከንድ በታች ደግሞ በ1፣ 2፣ 5 ተራ። ሙሉው ገጽ ሲታይ 80 ፒክስል 180 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ በየ5 ደቂቃው ቁጥር ይወጣል። ማስመሪያው 3 ደቂቃ ከ17 እያለ ከቆጠረ ማንም አያነበውም።

የሙዚቃውን ምት በመስመር በሚያሳየው የምት መረብ ላይ ግን ከውጭ የመጡት ፕሮግራሞች የሚከተሉት ልማድ ለእኛ ሙዚቃ አይመጥንም። አብዛኞቹ ሲቀርቡ መረቡን ለሁለት፣ እንደገና ለሁለት ይከፍላሉ። ጭክጭካ የሚባለው ምት በአብዛኛው የሚጻፈው በ6/8 ነው፤ በአንድ ሜዠር ሁለት ትልልቅ ምት አለ፣ እያንዳንዱም ሦስት ትንንሽ ምት ይይዛል። ትልቁ ምት በደቂቃ 100 ከሆነ አንዱ 0.6 ሰከንድ ነው፤ ትንሹ 0.2 ሰከንድ። መረቡ ለሁለት ከከፈለው መስመሩ 0.3 ላይ ያርፋል፤ እዚያ ላይ ከበሮም ጭብጨባም የለም። ኤዲተሩ በዚያ መስመር ላይ ቢቆርጥ ምቱን አንካሳ ያደርገዋል።

ስለዚህ መረቡ በሜዠሩ ዓይነት ይከፈል። ለ6/8 ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦ ሜዠር፣ ከዚያ ለሁለት፣ ከዚያ ለሦስት፣ ከዚያ ለሁለት። ለ4/4 ሁሉም ለሁለት። ተጠቃሚው ራሱ እንዲመርጥ አንዲት ትንሽ ዝርዝር በቂ ናት።

ለድሮ ቅጂ ደግሞ መረቡ ከመጀመሪያው ጠፍቶ ይምጣ። በሠርግና በበዓል ላይ የተቀዳ የሸጎዬ ዘፈን በሜትሮኖም አልተዘፈነም፤ የካሴት ማጫወቻም ፍጥነቱ ይዋዥቃል። በእኩል የተሰመረ መረብ ሁለት ሦስት ሜዠር ሄዶ ከዘፈኑ ይለያያል፤ ተጠቃሚው ከጆሮው ይልቅ መስመሩን ቢያምን ይስታል።

እርምጃ 7፦ የቁመት ዙም ለብቻው ይኑር

አግድም ማቅረብ ጊዜን ይዘረዝራል፤ ቀስ ያለ ድምፅን ግን አያሳይም። የኡድ ክር ተመትቶ እየሞተ ሲሄድ፣ ወይም ከዘፈን በፊት ያለው የካሴቱ ክር ሹክሹክታ፣ ከሙሉው ድምፅ 40 ዴሲቤል ዝቅ ሊል ይችላል። ይህ አንድ መቶኛ ማለት ነው። ትራኩ ከመሐሉ ወደ ላይ 60 ፒክስል ቢኖረው ያ ድምፅ 0.6 ፒክስል ብቻ ይይዛል፤ ለዓይን ዝምታ ነው። በቁመት 32 ጊዜ ሲጎላ 19 ፒክስል ገደማ ይሆናል፤ ዘፈኑ የት እንዳለቀ ይታያል።

እዚህ ላይ የሚያጋጥም ወጥመድ አለ። ሞገዱ በቁመት ሲያድግ ጀማሪ ተጠቃሚ ድምፁን የጨመረው ይመስለዋል። ስለዚህ በግራ በኩል ያለው የቁመት ልክ አብሮ ይለወጥ፤ «×32» የሚል ምልክትም በጉልህ ይታይ። ያንን ምልክት አንዴ ሲጫኑት ወደ ×1 ይመለስ። የቁመቱና የአግድሙ አዝራሮች አንድ ላይ ተደባልቀው አይቀመጡ፤ የቁመቱ በትራኩ ጎን፣ የአግድሙ በጊዜ ማስመሪያው አጠገብ ይሁኑ።

እርምጃ 8፦ አዝራር፣ ማውስ፣ ታችፓድ፣ ጣት

አዝራሩ ላይ ማጉያ መነጽር ብቻ ከሳሉ ብዙ ሰው «መፈለጊያ» ብሎ ያነበዋል። በመነጽሩ ውስጥ የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያስገቡ፤ ከጎኑ አግድም ወይም ቀጥ ያለ ቀስት ይጨምሩ።

ጽሑፍ ከጨመሩ በድሬዳዋ ቢያንስ በሦስት ቋንቋ ያስቡት፦ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ቃላቸው ይረዝማል፤ የአዝራሩን ስፋት በአማርኛው «አጉላ» ልክ ቆርጠው ካስቀመጡ ኦሮምኛው ይቆረጣል። የግዕዝ ፊደል በበኩሉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ላቲኑ በሚነበብበት አነስተኛ መጠን «ሙሉውን አሳይ» የሚለው ይጨማለቃል። መጠኑን በአማርኛው ይለኩ፣ ስፋቱን በኦሮምኛና በሶማልኛው።

ለማውስ መሽከርከሪያ የሌሎቹን የሙዚቃ ፕሮግራሞች ልማድ ይከተሉ። በኦዳሲቲና በኤፍኤል ስቱዲዮ ኮንትሮል ተይዞ ሲሽከረከር ዙም ያደርጋል፤ በሪፐር መሽከርከሪያው ብቻውን ዙም ያደርጋል። ሁለቱም ሲሠሩበት ይለመዳሉ፤ አንዱን መርጠው ሌላውን በማስተካከያ ውስጥ ይተዉለት።

ፕሮግራሙን በብራውዘር የሚሠራ አድርገው ካዘጋጁት አንድ ነገር ይጠንቀቁ። ኮንትሮልና መሽከርከሪያ አንድ ላይ ሲነኩ ብራውዘሩ ገጹን ራሱን ያጎላል። በታችፓድ ሁለት ጣት መክፈትም በብዙ ብራውዘሮች ለፕሮግራምዎ እንደ ኮንትሮልና መሽከርከሪያ ሆኖ ነው የሚደርሰው። በሞገዱ ክልል ውስጥ ይህን የብራውዘሩን ልማድ ያግዱ፤ ከሞገዱ ውጭ ግን አይንኩት፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ጽሑፉን ማጉላት ይፈልግ ይሆናል።

ለስልክ አዝራሩ ቢያንስ 48 ነጥብ (dp) በ48 ነጥብ ይሁን፤ አንድሮይድ ለጣት የሚመክረው ልክ ይህ ነው።

እርምጃ 9፦ ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ሲሆንም ይሥራ

የውጭ ፕሮግራም ሠሪ የማያስበው ችግር ይህ ነው። ተጠቃሚው የዘፈኑን ስም በአማርኛ ጽፎ ኪቦርዱን ሳይመልስ ወደ ሞገዱ ይመጣል፤ የዙሙን ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ የሚቀበለው የግዕዝ ፊደል ነው፣ ምንም አይሆንም። ስለዚህ ፕሮግራምዎ የተጻፈውን ፊደል ሳይሆን የተጫነውን ቁልፍ ቦታ ያንብብ። በብራውዘር የሚሠሩ ከሆነ የቁልፍ ክስተቱ «ኬይ» እና «ኮድ» የሚባሉ ሁለት ዋጋዎች አሉት፤ ቦታውን የሚነግርዎት «ኮድ» ነው።

ቦታን ማንበብ ግን በፈረንሳይኛ ኪቦርድ ላይ ሌላ ነገር ያመጣል። ከጅቡቲ በኩል የመጣ ላፕቶፕ ሊያጋጥምዎት ይችላል፤ በእሱ ላይ የቁልፎቹ አቀማመጥ ይለያል፣ በላይኛው ረድፍ ቁጥር ለመጻፍም ሺፍት ይፈልጋል። ስለዚህ ተጠቃሚው ቁልፎቹን እንደፈለገ የሚቀይርበት ገጽ ያዘጋጁ።

ለመነሻ የኦዳሲቲን ቁልፎች መዋስ ይሻላል፣ ብዙ እጅ ለምዷቸዋልና፦ ኮንትሮልና 1 ለማቅረብ፣ ኮንትሮልና 3 ለማራቅ፣ ኮንትሮልና 2 ወደ መደበኛው ለመመለስ። የመደመር ቁልፍንም ከጨመሩ፣ በተለመደው ኪቦርድ ላይ መደመር ያለ ሺፍት እኩል ይሆናል ምልክት እንደሆነ ያስታውሱ፤ ሁለቱንም ይቀበሉ።

እርምጃ 10፦ የመመለሻ መንገድ ይሥሩ

ማቅረብ ቀላል ነው፤ አቅርቦ መመለስ ነው የሚከብደው። እነዚህን አምስት ነገሮች አይተዉ፦

• ሙሉውን አሳይ። አንድ ጭነት፣ መላው ገጽ በመስኮቱ ውስጥ። ከሁሉ የሚቀድም አዝራር ይህ ነው።
• የመረጥኩትን አጉላ። የተመረጠው ክፍል መስኮቱን ይሙላ፤ ግን በግራና በቀኝ 5% ያህል ክፍት ይተዉ። ጠርዙ ከመስኮቱ ጠርዝ ጋር ከተጣበቀ ተጠቃሚው ጎትቶ ሊያስተካክለው አይችልም።
• ወደ ቀድሞው እይታ። ከመቅረቡ በፊት ወደነበረበት ቦታና ርቀት ይመልሰው። ይህን ከሥራ መሻሪያው ጋር አያቀላቅሉት፤ ዙም የሻረ መስሎት የቆረጠውን ዘፈን የሚመልስ ተጠቃሚ ይበሳጫል።
• የሙሉ ቅጂ ጠባብ መስመር። ከላይ ሁልጊዜ የሚታይ፣ 40 ፒክስል ቁመት ያለው። በላዩ ላይ ያለች ሳጥን አሁን የሚታየውን ክፍል ታሳያለች፤ ሳጥኗ ስትጎተት እይታው ይሄዳል፣ ጠርዟ ሲጎተት ዙም ያደርጋል። በጣም ሲቀርብ ሳጥኗ ከአንድ ፒክስል በታች ልትሆን ስለምትችል፣ ከ8 ፒክስል እንዳታንስ ያድርጉ።
• እይታውን ማስቀመጥ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው ሰከንድ ከጀመረ፣ ኤዲተሩ የነበረበትን ለማግኘት እንደገና ይዳክራል። ሁለቱን የእርምጃ 2 ቁጥሮች ከፕሮጀክቱ ጋር በየጥቂት ሰከንዱ ይጻፉ፤ ሲከፈት እዚያው ይመልሰው።

ከአንዱ እይታ ወደ ሌላው ሲዘለል ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሰከንድ የሚፈጅ ለስላሳ ሽግግር ካስገቡ ዓይን ይከተለዋል። ተጠቃሚው በመሐል ሌላ ነገር ከነካ ግን ሽግግሩ ወዲያው ይቋረጥ።

እርምጃ 11፦ በሰው ይፈትኑት

ፕሮግራሙን ለጓደኛዎ አሳይተው «እንዴት ነው?» አይበሉት፤ ጥሩ ነው ይልዎታል። የተለያየ ልማድ ያላቸውን ሰዎች ይፈልጉ፦ ከዚራ ወይም መጋላ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር አንድ፣ ኪቦርድ የሚጫወት ሙዚቀኛ አንድ፣ ኤዲቲንግ ነክቶ የማያውቅ አንድ። ማውስ ሳይሰጧቸው በላፕቶፑ ታችፓድ ይሥሩ። ሥራው ይህ ይሁን፦

1. በ45 ደቂቃው ገጽ ውስጥ ሦስተኛው ዘፈን የሚጀምርበትን ቦታ አግኝ።
2. እዚያ ዘፈን ውስጥ ያለችውን ጠቅታ አጥፋ።
3. ወደ ሙሉው እይታ ተመለስና ሦስተኛውን ዘፈን እንደገና አሳየኝ።

እርስዎ አይናገሩ፤ እጃቸውን ይመልከቱ። አቅርበው ወዲያው ግራና ቀኝ ማሸብለል ከጀመሩ የያዙት ነጥብ ልክ አይደለም፤ ወደ እርምጃ 4 ይመለሱ። አዝራሩን በላይ በላዩ ከጫኑ የዙሙ ብዜት አንሷል፤ እርምጃ 3ን ይዩ። በሦስተኛው ሥራ ላይ ከዘገዩ የመመለሻ መንገዱ አልታያቸውም።

ጊዜ ካጠረዎት

ሁሉንም በአንድ ሴሚስተር መጨረስ ካልቻሉ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ የእርምጃ 4 ቀመርና የእርምጃ 3 ብዜት፤ ሁለቱም በአንድ ቀን የሚያልቁ ናቸው፣ ጥቅማቸው ግን ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ቀጥሎ «ሙሉውን አሳይ» እና «የመረጥኩትን አጉላ»። ከዚያ የሞገዱ ማጠቃለያ፣ ከዚያ የኪቦርዱ ጉዳይ። የሙሉ ቅጂው ጠባብ መስመር፣ የቁመት ዙሙና የ6/8 መረቡ በሁለተኛው ዙር ይምጡ። ስላይደሩን ለመጨረሻ ያቆዩት፤ ሥዕሉን ያሳምራል እንጂ፣ መሽከርከሪያውና ቁልፎቹ በደንብ ከሠሩ የሚፈልገው ሰው ጥቂት ነው።